ከታላቁ በፊት የተዘራ ገብስ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የዞኑ ወጣት መርማሪዎች አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ያለው ቤቴ እየመጡ፣ "ኢንስፔክተር፣ የሥራ ዘመንዎን ይጻፉልን እንጂ" ይሉኛል። ባለቤቴ ቶማ በሕይወት ሳለ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ አሳለፍኩት። እሱ ከሽመና ዕቃው ላይ ቀና ብሎ፣ "ጻፊ፤ እኔን ግን አሳምረሽ ጻፊኝ" ይለኝ ነበር።

አሁን እሱ የለም፣ እኔም መጻፍ ጀምሬአለሁ። በቀን አንድ ገጽ አይሞላልኝም። ጥቂት እጽፍና ተነሥቼ ወደ በረንዳው እወጣለሁ፤ የሽመና ዕቃው እዚያው ነው፣ ድሩም እንደተወጠረ አለ። ተመልሼ እቀመጣለሁ።

የምዘገየው ትዝታው ጠፍቶብኝ አይደለም። ከያዝኳቸው ጉዳዮች ሁሉ ትልቁ የቶማ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ቶማን መጀመሪያ ያየሁት የታላቅ ወንድሙን ቤት አቃጥሏል ተብሎ በታሰረበት ክፍል ነው። በሕግ ፊት ንጹሕ መሆኑን አሳየሁ፣ ተፈታ። እሱ ግን ራሱን አልፈታም። ብዙ ዓመት አብረን ስንኖር ያ እሳት የእኔ ነው እንዳለ ነበር። ይህን ሸክም ይዞት ይሂድ ወይስ ጥሎት ይሂድ ሳላውቅ ቀበርኩት። ያወቅኩት በተዝካሩ ቀን ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ወጣቶቹ መርማሪዎች የጠየቁኝን ሥራዬን ከሥሩ ልንገራቸው።

የተወለድኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። እናቴና አባቴ ከደጋ ወርደው ከተማ የሠፈሩ የጋሞ ሰዎች ናቸው። ፖሊስ ስሆን እናቴ አለቀሰች፤ አባቴ ግን "የደንብ ልብሱ ያምርባታል" ብሎ ዝም አሰኛት። የመጀመሪያ ምድቤ ገረሴ ነበር። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፤ የገረሴ ብርድ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው ጣቢያው ይሥቅብኝ ነበር። የሴት ፖሊስ ሥራ በዚያን ጊዜ ሴት እስረኛ መፈተሽና የተጻፈ መገልበጥ ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ካልሲ ይገዛ ነበር።

ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውሬ ምርመራ ክፍል ስገባ አለቃዬ ሻምበል ሀብቴ ሆኑ። በድሮው መንግሥት ጊዜ በምርመራ የተማሩ ሰው ናቸው። መንግሥት ተለውጦ የማዕረጉ ስም ሲቀየር እንኳ ሰው ሁሉ "ሻምበል" ማለቱን አልተወም። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ። ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ ስንደርስ ቆመው አያዩም፤ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ ዙሪያውን ያያሉ። ያፈሱት ቆሎ እስኪያልቅ ድረስ ቃል አይናገሩም፣ ሌላውም እንዲናገር አይፈልጉም። ሲያልቅ መዳፋቸውን ያራግፉና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦

"ይህ ሰው ምን አላደረገም?"

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ምን አደረገ፣ ማን አደረገ ብሎ ነው። እሳቸው፣ "የተደረገውን ማንም ያየዋል፣ ተሰብሮ ይታያል፣ ደም ሆኖ ይታያል። ሊያደርገው ሲችል የተወው ነገር ግን ጠባዩን ይነግርሻል" ይሉ ነበር።

የገባኝ ኩልፎ ዳር ነው። ከወንዙ የሚጠጣ አንድ የሙዝ እርሻ ተዘርፎ፣ ጥበቃው እጁን ታስሮ ተገኝቶ ጠዋት ሄድን። ዘራፊዎቹ ጋሪ ይዘው መጥተው ብዙ ዘለላ ሙዝ ቆርጠው ጭነዋል። ጥበቃው ብዙዎች እንደነበሩ፣ እንደደበደቡት እያለቀሰ ይናገራል። ሻምበል ከሙዙ ሥር ተቀምጠው ቆሎአቸውን ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

"እሺ አንቺ፣ ምን አላደረጉም?"

አየሁ አየሁና፣ "ሬዲዮኑን አልወሰዱም" አልኩ። ከማደሪያው ጎጆ ምሰሶ ላይ አዲስ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል።

ሻምበል ወደ ጥበቃው ዞሩ። "ወንድሜ፣ ጋሪ ይዞ የመጣ ሌባ ሬዲዮ እንዴት ይከብደዋል?"

ጥበቃው ተቆጣ። "ታዲያ የገዛ ሬዲዮኔን ልስረቅ እንዴ!" አለና ያለውን ሲሰማው አፉን ያዘ። ሻምበል አልሣቁም። እኔ ግን ሙዙ ውስጥ ገብቼ ሣቅኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና የተላክሁት። እዚያ አሠልጣኙ፣ አንድ ሰው ወንጀል ሲፈጽም ከጠባዩ የሆነ ነገር ትቶ እንደሚሄድ፣ ያንን አንብቦ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መገመት ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ ነገረን። "የወንጀል ፈጻሚ ባሕርይ ትንተና" ይባላል አለ። እኔ በልቤ፣ ይህማ የሻምበል ቆሎ ነው አልኩ። ተመልሼ ስመጣ በዞናችን በዚህ ስም የሠለጠንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባልደረቦቼ ወዲያው ስም አወጡልኝ፤ "ጠንቋይዋ" አሉኝ። ጠዋት ቢሮ ስገባ አንዱ መዳፉን ይዘረጋልኛል፣ "እስቲ ዕድገት አለኝ ወይ፣ እይልኝ" ይላል። በጊዜው የነበሩት ኮማንደርም የመጀመሪያ ሪፖርቴን አንብበው፣ "ልጄ፣ ማስረጃ አምጪልኝ እንጂ ሕልም አታምጪልኝ" አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሻምበል ግን፣ "ትክክል ናቸው። ግምትሽ ወዴት እንደምትሄጂ ያሳይሻል እንጂ ሰው አያሳስርም። ይህን የረሳሽ ቀን ከዚህ ሥራ ውጪ" አሉኝ። ኮማንደሩንም ሻምበልንም አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በግምቴ ብቻ ታስሮ አያውቅም።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ።

ከኦቾሎ በላይ ካሉት መንደሮች በአንዷ ነው፤ የሰዎቹን ልጆች አክብሬ የመንደሯን ስም አልጽፍም። ከሸንተረሩ ላይ ሲቆሙ አባያ ቀይ ሆኖ ከታች ይታያል። ወንዶቹ ሸማኔ ናቸው፣ ደግሞም ገብስና እንሰት ያለማሉ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የአንዲት እናት የድርቆሽ ክምር ተቃጠለ። ቀጥሎ ሰው የማይኖርበት አሮጌ ጎጆ ተቃጠለ። ሦስተኛው የአንጁሎ ቤት ነበር። ሁሉም የተቃጠሉት ሰው ገበያ በወጣበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

አንጁሎ ከገበያ ሮጦ ደርሶ የሽመና ዕቃውን ላውጣ ብሎ ገባ። ዕቃው አልዳነም፤ የቀኝ እጁ ግን ተቃጠለ። ጣቶቹ ተጣበቁና ከዚያ በኋላ መወርወሪያ ይዞ አያውቅም። ሰው ስለ ተጎዳ ጉዳዩ ወደ እኛ መጣ።

እኛ ስንደርስ ግን ተጠርጣሪ ተይዞ ነበር፦ የአንጁሎ ታናሽ ወንድም፣ ቶማ። ወንድማማቾቹ በዚያ በልግ ተጣልተው እንደነበር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ቃሉን የተቀበለው ባልደረባዬ የሌላ አገር ልጅ ነበር። ተደስቶ ተቀበለን።

"አልቋል! ራሱ አምኗል። 'እሳቱ የእኔ ነው' ብሏል።"

ገባሁ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እኔም እንደ ሻምበል ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በጋሞኛ ነው ያወራነው።

"የወንድምህን ቤት አንተ ነህ ያቃጠልከው?"

"እሳቱ የእኔ ነው።"

"ክብሪት ጫርክ ወይ?"

"ክብሪት ምን ያደርግልሻል? ክብሪት ስንቱ ኪስ ውስጥ አለ። ሁሉ ቤት ይቃጠላል?"

"ከየት በኩል ለኮስከው? ከበሩ ነው ወይስ ከጓሮ?"

ትንሽ አሰበና፣ "ከበሩ ይሆናል" አለ።

ይሆናል! ያቃጠለ ሰው "ይሆናል" አይልም። ይህን ስሰማ እናቴ ልጅ ሆኜ የነገረችኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። በጋሞ አባቶች ሥርዓት ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ መደረግ የሌለበትን ማድረግ ማለት ነው። ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ራሱን ነው፦ እኔ ምን አጥፍቼ ነው? ጥፋቱን ያገኘ ሰው ዱቡሻ ወጥቶ፣ ማለትም በመንደሩ መሰብሰቢያ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ይናገራል። ሳይናገር ከቀረ ጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል ይባላል።

"ጎሜህ ምንድን ነው?" አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ጋሞ መሆኔን ያን ጊዜ ነው ያመነው መሰለኝ።

"ከታላቄ በፊት ዘራሁ" አለኝ።

እዚያ አገር አባት ከልጅ፣ ታላቅም ከታናሽ ቀድሞ ነው የሚዘራው። ታላቁ ሳይዘራ ታናሹ እጁን ወደ ዘሩ አይሰድም። በዚያ በልግ ግን አንጁሎ "ዘር የለኝም፣ እስካገኝ ቆይ" እያለ ቀኑን ገፋው። ዝናቡ መጥቶ ሊያልፍ ሆነ። ቶማ ጠበቀ፣ ለመነ፣ ሰው ላከ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ገብሱን ዘራ። ተጣሉ። እርቅ ሳይወርድ የአንጁሎ ቤት ተቃጠለ፣ የአንጁሎ እጅ ተቃጠለ።

"ስለዚህ የእኔ ነው። ጻፊው" አለ።

ወጥቼ ለሻምበል ነገርኳቸው። ሻምበል ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ያ የመጨረሻ ጉዳያቸው ነው። "ይህ ሰው ምን አላደረገም?" አሉኝ።

"አልካደም።"

"እሱ ነው የሚያስፈራው" አሉ። "የካደን ሰው ነፃ ማውጣት ቀላል ነው። ነይ፣ እንሂድ ወደ አመዱ።"

አመዱ መሃል ተቀመጥን። አንድ በአንድ አየነው። እሳቱ የጀመረው ከበሩ አልነበረም፤ ከጓሮ በኩል፣ ከክዳኑ ላይኛው ክፍል ነው። ከክዳኑ የፊት ለፊቱ ጥግ ገና ሣሩ አለ፣ የኋላውን ግን እሳቱ እስከ ቀርከሃው በልቶታል። ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ከተሰበረ እንስራ የፈሰሰ ገብስ ከሰል ሆኗል። ሻምበል አንድ ፍሬ አንሥተው አሸተቱ። ፍሬው ሁሉ እኩል፣ የተለቀመ ነበር። "የተቃጠለ ገብስ" ብዬ መዝግቤ አለፍኩት።

ከዚያ ያልተደረገውን ፈለግን። ከቤቱ አጠገብ ወንድማማቾቹ የሚጣሉበት የእንሰት ተክል ነበር፤ አንድ ቅጠል አልተነካም። በወንድሙ የተናደደ ሰው እሱን ነበር የሚቆርጠው። ሦስቱም እሳት ሰው በሌለበት ነው፤ ማንንም ለመግደል አልተፈለገም። የተሰረቀ ነገር የለም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ጥጃዋ ናት። ቤት ውስጥ ታስራ የነበረች ጥጃ ከእሳቱ በፊት ተፈትታ፣ እንሰቱ መሃል ተወስዳ፣ በጥሩ ቋጠሮ ታስራ ተገኘች።

"ይህ ሰው ማንንም አይጠላም" አልኩ። "ታዲያ እሳቱን ለምን ፈለገው?"

ሻምበል ቆሎ ማፈስ ጀመሩ። እኔ ተነሥቼ ሄድኩ።

ገበያ የነበረውን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ መጀመሪያ ያያችሁት ምንድን ነው? መልሱ ሁሉ አንድ ነበር። "ጡሩምባ ሰማንና ቀና አልን።" አንዲት ቅቤ ሻጭ ግን ጨመረችልኝ።

"ቀና አልን፤ ምንም የለም። 'ይኼ ሽማግሌ ዛሬ ምን ነካው?' ብለን ሣቅን። ቅቤዬን ሸፍኜ ስነሣ ነው ጭሱ የታየኝ።"

"ጡሩምባው ከጭሱ ቀደመ?"

"ቀደመ እንጂ! ማዬን ልማልልሽ?" አለች፤ እናቷን ማለቷ ነው።

የመንደሩ ጡሩምባ ነፊ ሻሎ የሚባል አዛውንት ነበር። በማግሥቱ ገበያ በሌለበት ሰዓት ብቻዬን ደጁ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጡሩምባው ከበሩ በላይ ተሰቅሏል።

"ጋሼ ሻሎ፣ እስቲ ያውርዱትና ልየው።"

"ምን ያደርግልሻል? ፖሊስ ፊሽካ አለው አይደል?"

"የእኔ ፊሽካ ሰው አይሰበስብም።"

ይህ ደስ አሰኘው። አውርዶ በጋቢው ጠረገው። "ድሮ ይህን አንዴ ስነፋ ከላይ መንደር እስከ ታች መንደር ይነሣል። ሰው ሲሞት ከዘመድ በፊት የሚነገረው ለእኔ ነበር። ዘንድሮ ጎረቤቴ ሞቶ፣ እዚህ አጥሩ ጥግ፣ እኔ የሰማሁት ከመንገደኛ ነው። በስልክ ተደዋውለው ጨርሰውታል።"

"በእሳቱ ቀን ግን ከእርስዎ ነው የሰሙት።"

"መጡ!" አለ፤ ፊቱ በራ። "ትልቅ ትንሹ መጣ። 'ሻሎ ባይኖር ሁላችንም ተቃጥለን ነበር' አሉኝ።"

"ጋሼ፣ ጭሱ ሳይታይ ነው የነፉት።"

ጡሩምባውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ፣ "ጥጃዋን ግን ፈትቻታለሁ" አለኝ። "አንጁሎ ሮጦ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። ሁሉም ገበያ ናቸው ብዬ ነው።"

ራሱ መርቶ ከክዳኑ ጫፍ የሚደርስበትን ቀርከሃና የጠቀለለበትን ጨርቅ አሳየን። ፍርድ ቤቱም ዕድሜውን አይቶ ፈረደ። ባልደረቦቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዳፋቸውን መዘርጋት ተዉ። ኮማንደሩም ሌሎችን እንዳሠለጥን ፈቀዱልኝ። በሕይወቴ ከተሾምኩት ሹመት ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ያልተሳካልኝ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ተጀመረ። ሮጬ ወደ ቶማ ሄድኩ። "ሻሎ ነው! ተገኝቷል፣ አምኗል፤ ተነሥ፣ ነፃ ነህ" አልኩት። አልተነሣም።

"ሻሎ ክብሪት ጫረ" አለ። "መንደሩ ውስጥ ስንት ቤት አለ? ለምን የወንድሜ ቤት ሆነ?"

ተከራከርኩት። እሳቱ የጀመረበትን ጥግ ነገርኩት፣ የቅቤ ሻጯን ቃል ነገርኩት። እንደ ዳኛ ሰማኝና፣ "ጥሩ መርማሪ ነሽ" ብሎ ወጥቶ ሄደ። ሻምበል በር ላይ ቆመው ነበር። "ተይው" አሉኝ። "እኛ የያዝነው የእስር ቤቱን ቁልፍ ብቻ ነው።"

ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ወንድማማቾቹን ዱቡሻ ላይ አስታረቁ። ቶማ ጥፋቱን በሰው ፊት ተናገረ። አንጁሎ የታሰረ እጁን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ "ይቅር ብያለሁ" አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲቀላ ገበያ ጋቢ ስመርጥ ሻጩ ቶማ ሆኖ አገኘሁት።

"ለምንድን ነው ያላመንሽኝ?" አለኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

"ሰው ሁሉ ፖሊስ አላመነኝም ብሎ የሚያለቅሰው ሊታሰር ሲል ነው። አንተ ስትፈታ ታለቅሳለህ?"

ሣቀ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታ ነበር። እኔም "መቼ ነው የምታገቢው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያለቀብኝ ሴት ነበርኩ። ስንጋባ ቢሮው በሣቅ ፈረሰ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት የሚሉኝ፣ "ኢንስፔክተር፣ እስረኛሽ ደኅና አደረ?" ነበር። ሻምበል በሠርጋችን ቀን ቶማን ወደ ጎን ወስደው ከኪሳቸው ቆሎ ሰጡት። ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ቶማ የሽመና ዕቃውን ይዞ አርባ ምንጭ ወረደ። መልካም ባል ነበር። ከከባድ ቦታ ስመለስ "ምን አየሽ?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እግሬን በውኃ አጥቦ ከጎኔ ይቀመጣል። በየዓመቱ አንድ ጥሩ ጋቢ ሠርቶ በሰው እጅ ለአንጁሎ ይልካል። ለቅሶ ካልሆነ በቀር ራሱ ወደ ላይ አይወጣም። ሻምበል እንዳስተማሩኝ ያላደረገውን ሳይ ደግሞ አንድ ነገር ነበር፦ ያቺን የአባቱን መሬት ዳግመኛ አልዘራም። እኩል አራሽ ሲለምነው እንኳ "ሣር ይብቀልባት" ይላል። በልግ ሲመጣ ከበረንዳው ደመናውን ያያል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም የስንቱን ሰው ልብ አነበብኩ ተብዬ፣ ሌሎች ዞኖች ድረስ እየተጠራሁ አስተምሬ ስመለስ ያንን ፊት እቤቴ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ታመመ። ሐኪሞቹ አቅማቸውን አደረጉ። ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት አንጁሎ ልጆቹ ይዘውት ከደጋ ወረደ። ሁለቱን ትቼ ወጥቼ ሾርባ ሠራሁ። ይዤ ስመለስ ከውስጥ ሣቅ ሰማሁ። እንደ ልጅ ነው የሚሥቁት። ቶማ ጎኑን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ይሥቃል።

"ምን ተገኘ?" አልኩ።

"ጡረታ ወጥተሻል" አለኝ ቶማ። "መመርመር ይብቃሽ።"

አልነገሩኝም። ቶማ በዚያው ሳምንት አረፈ። ከለቅሶው በኋላ ቀንም ማታም የምሰማው ያንን ሣቅ ነበር። ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ይቆረቁረኛል። እሱ የሣቀው ሸክሙ ወርዶለት ነው ወይስ ወንድሙን ደስ ለማሰኘት? ይህን ሳላውቅ መኖር ከበደኝ።

ለተዝካሩ አንጁሎ እንደገና ወረደ። ሰው በልቶ፣ ካህናቱ ጸልየው ከሄዱ በኋላ በረንዳው ላይ፣ ከሽመና ዕቃው አጠገብ ተቀመጥን። ትከሻው ላይ ቶማ የሠራለትን የመጨረሻ ጋቢ ለብሷል። በተጣበቁት ጣቶቹ ድሩን ነካ አደረገው።

"የኔ እህት" አለኝ፤ የወንድሙ ሚስት ብሆንም የሚጠራኝ እንዲህ ነው። "ያን ጊዜ አመዱ ውስጥ ገብስ አላገኘሽም?"

አስታወስኩት። ከኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ የተሰበረ እንስራ፣ እኩል የተለቀመ ፍሬ። የተለቀመ! ሰው ለምግብ የሚያስቀምጠውን ገብስ እንደዚያ አይለቅምም።

"የዘር ገብስ ነበር" አልኩ።

"ነበረኝ። ከመጀመሪያው ነበረኝ። በእንሰቱ ተናድጄበት፣ 'እስቲ ይጠብቀኝ፣ ዝናቡ ይለፈው' ብዬ ዘር የለኝም አልኩ። ታላቅ ስለሆንኩ ከእኔ በፊት እንደማይዘራ አውቃለሁ። ታናሽን ማስራብ ከዚያ የከፋ ጎሜ ነው። ቤቴ ሲቃጠል የእኔ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ዱቡሻ ላይ እሱ ሲናዘዝ አፌ ሊከፈት አልቻለም። ከዚያ ሲቆይ ደግሞ የባሰ ከበደ።"

"ለቶማ ነገርከው?"

"ሊሞት ነው ብለው ሲነግሩኝ መጣሁ። 'አንተ፣ እሳቱ የእኔ ነው እኮ' አልኩት። 'የለም፣ የእኔ ነው' አለኝ። 'የእኔ ነው አልኩህ!' 'አልሰጥህም!' ተጨቃጨቅን። ከዚያ እሱ ነው የጀመረው፤ 'ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ አመድ እንጣላለን?' ብሎ ሣቀ። እጄን ያዘኝ፣ ይህን እጅ። 'እንግዲያው እኔ እስከ ዛሬ ሣር ያበቀልኩት በከንቱ ነው' አለ። ከዚያ ነው አንቺ የገባሽው።"

አለቀስኩ፤ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም። ደስ የሚል ልቅሶ ነበር። አንጁሎም አብሮኝ አለቀሰ።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ መርማሪዎች አንድ ነገር ልጻፍ። ሻምበል ያስተማሩኝን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስለ ወንጀል ፈጻሚው ጠይቄአለሁ። ስለ ተበዳዩ ግን አልጠየቅኩም። አንጁሎ ምን አላደረገም? አልዘራም። መልሱ ከእጄ ላይ ነበር፣ ሻምበል አንሥተው አሽትተውታል። የእስር ቤቱን በር የሚከፍት አልነበረም። እቤቴ ያለውን ሰው ግን ይከፍትልኝ ነበር። እናንተ ሁለቱንም ጠይቁ። ደግሞም ያልቻላችሁትን ሌላ ሰው ሲጨርስላችሁ አመስግኑ፤ እኔ ሳልችል የቀረሁትን አንድ የተቃጠለ እጅ ጨርሶልኛል።

ይህን ገጽ እየጻፍኩ ሳለ በልጉ ገባ። ትናንት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አንጁሎ ስልክ አይወድም፣ ሲናገር ይጮኻል።

"የኔ እህት! ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሃለሁ።"

"ዛሬ ጠዋት ከመንደሩ ሁሉ በፊት ዘርቻለሁ። ጨርሻለሁ። ነይ እንግዲህ፣ የቶማን መሬት ዝሪ።"

ነገ በጠዋት መኪና እወጣለሁ። ዘሩን ዛሬ ስለቅም ዋልኩ።